ነጭ ድብ ያላየው ምስክር፦ ረቂቅ አስተሳሰብ በምን ይቆማል፣ በምን ይወድቃል?

አእምሮው የታወከ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ተረትና ምሳሌ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ምን ማለት ነው?» ይለዋል ሐኪሙ። ታማሚው «ሰው ከተባበረ ከባዱን ነገር ይወጣዋል» ብሎ ከመለሰ፣ ረቂቅ አስተሳሰቡ ደህና ነው ተብሎ ይጻፍለታል። «ድሩ ሲበዛ ገመድ ይሆናል፤ አንበሳውንም ጠፍሮ ይይዘዋል» ካለ ግን ሐኪሙ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ሌላ ተረት ይጨምርለታል።

ከዚህች አጭር ጥያቄ ጀርባ ትልቅ ጉዳይ አለ። ከሚዳሰሰው ተነሥቶ ወደማይዳሰሰው መሻገር፣ መልካቸው የማይገናኝ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት፣ በዓይን ካላዩት ነገር፣ ከተነገረ ቃል ብቻ ተነሥቶ ድምዳሜ ላይ መድረስ፤ ይህ ችሎታ ከየት ይመጣል? ምን ይደግፈዋል? ሲጠፋስ እንዴት ይጠፋል? ላለፉት መቶ ዓመታት ሦስት ዓይነት ሰዎች ሲመረምሩት ኖረዋል፦ በየባህሉ መካከል የሚዞሩ ተመራማሪዎች፣ ፈተና የሚያወጡና ውጤት የሚቆጥሩ ባለሙያዎች፣ የተጎዳ አንጎል የሚያክሙ ሐኪሞች። ሦስቱ እምብዛም አይደማመጡም። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ አቋሜም ይኸው ነው። ረቂቅ አስተሳሰብ ለአንዱ የተሰጠ ለሌላው የተነፈገ ሀብት ተደርጎ መቆጠሩ ብዙ ስሕተት ወልዷል። ጤነኛ የፊት አንጎል፣ የጠገበ ሆድ፣ በቂ እንቅልፍ፣ ትምህርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረቂቁን ዕለት ዕለት የሚጠይቅ ሥራ ደግፈው የሚያቆሙት ልማድ ነው። ከደጋፊዎቹ አንዱ ሲጎድል ያዘማል፤ የቱ እንደጎደለ ሳይጠይቁ ባለቤቱ ላይ መፍረድ ደግሞ የተለመደ ጥፋት ነው።

የባህል ተመራማሪዎቹን ታሪክ ከአሌክሳንደር ሉሪያ መጀመር ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ይህ ወጣት የሶቪየት ተመራማሪ ከሌቭ ቪጎትስኪ ጋር በነደፈው ዕቅድ መሠረት ወደ ኡዝቤኪስታንና ኪርጊዝያ ገጠር ወረደ። ቪጎትስኪ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ስለነበር አብሮ አልተጓዘም፤ በ1934 ዐረፈ። ወቅቱ የጋራ እርሻ የሚቋቋምበት፣ የፊደል ማስቆጠሪያ በየመንደሩ የሚከፈትበት ነበር። ሉሪያ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን፣ ከግቢያቸው የማይወጡ ሴቶችን፣ ለአጭር ጊዜ የተማሩ የጋራ እርሻ አባላትንና የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎችን እያነጋገረ አወዳደረ። ፈተና እንዳይመስልም ጥያቄዎቹን ሻይ እየተጠጣ፣ በጨዋታ መካከል ያነሣቸው ነበር።

መዶሻ፣ መጋዝ፣ ግንድና መጥረቢያ በሥዕል ይቀርባሉ። ከአራቱ የማይመሳሰለው የቱ ነው? የተማረው ግንዱን ያወጣል፤ የቀሩት መሣሪያዎች ናቸውና። ገበሬው ግን አንዱንም አላስወጣም ይላል። መጋዙም መጥረቢያውም ያለ ግንድ ምን ይሠራሉ? ሌላ ሰው ግንዱን ለይቶ እንዳወጣው ሲነገረው፣ ያ ሰው ማገዶ የተረፈው ይሆናል ብሎ መለሰ። ዝነኛው ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። በረዶ በሚጥልበት በሩቅ ሰሜን ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው። ኖቫያ ዜምልያ የምትባለው ደሴት በሩቅ ሰሜን ናት። እዚያ ያሉት ድቦች ቀለማቸው ምን ዓይነት ነው? አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ጥቁር ድብ ነው፤ ያላየሁትን አልናገርም፤ ይህ ነበር የብዙዎቹ መልስ። ከመካከላቸው አንዱ ደግሞ ስድሳ ወይም ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው በዓይኑ አይቶ ቢናገር ሊታመን ይችላል ብሏል።

ሉሪያ ይህን ያየው ማሰብ ከሚጨበጠው ኑሮ ገና እንዳልተላቀቀ ምልክት አድርጎ ነው። የጋራ እርሻውና ትምህርት ቤቱ ሲመጡ አስተሳሰቡም ቶሎ እንደሚለወጥ አመነ፤ ጥቂት ጊዜ የተማሩት በእርግጥም በተሻለ ሁኔታ መልሰውለት ነበር። እኔ ግን ያንን ገበሬ ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር እየወደድኩት መጣሁ። እርሱ የጠረጠረው መነሻውን ነው። «ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው» ያለው ማን ነው? ሁሉንም አይቶ ቆጥሯል? በእኛ አገር የድሮ ሸንጎ ፊት ቆሞ እንዲህ የሚል ምስክር ቢገኝ ዳኛው በደስታ ይቀበለው ነበር። ገበሬው ያልለመደው ነገር ከማያውቁት ሰው አፍ የወጣን ቃል ለጊዜው እውነት ነው ብሎ ይዞ፣ ከእርሱ የሚወጣውን ብቻ መከተል ነው። ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የሚያስለምደውም ይህንን ነው። «አንድ ነጋዴ 12 ብርቱካን ቢገዛ» ሲባል ነጋዴው ማን እንደሆነ፣ ወቅቱ የብርቱካን ይሁን አይሁን የሚጠይቅ ተማሪ ዜሮ ያገኛል።

የሉሪያ ሥራ አናሳ ሕዝቦችን ያዋርዳል ተብሎ ተወግዞ ለአርባ ዓመታት ያህል ተቀብሮ ኖረ። መጽሐፉ በሩሲያኛ የታተመው በ1974 ነው።

በዚህ መካከል ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ሌላ ነገር ታየ። ላይቤሪያ ውስጥ የክፔሌ ገበሬዎች ምግብ፣ ዕቃ፣ መሣሪያና ልብስ ተደባልቆ ቀርቦላቸው እንዲመድቡ ተጠየቁ። እነርሱም ቢላውን ከብርቱካኑ፣ መቆፈሪያውን ከድንቹ ጋር አጣመሩ። ጠቢብ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። ጆ ግሊክ የተባለው ተመራማሪ ተስፋ ሲቆርጥ «ሞኝ ሰውስ እንዴት ይመድበው ነበር?» አለ። ወዲያው ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ፣ ልብሱን ከልብስ ለይተው አስቀመጡለት፤ ልክ ፈተና አውጪው እንደሚፈልገው። ችሎታው ነበራቸው። ረብ የለሽ ሆኖ ስላገኙት ነበር ያልተጠቀሙበት። በዚህ መስክ ከተጻፉት ብዙ ሠንጠረዦች ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ የበለጠ ታስተምራለች ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያው አገር የመጣው ትልቁ ጥናት ግን የሲልቪያ ስክሪብነርና የማይክል ኮል ነው፤ በ1981 በመጽሐፍ ወጣ። የቫይ ሕዝብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የራሱ ፊደል አለው። ፊደሉ የሚቀሰመው ከትምህርት ቤት ውጭ፣ ከዘመድና ከጓደኛ ሲሆን፣ የሚጠቅመውም ለደብዳቤና ለሒሳብ መዝገብ ነው። ሌሎች ደግሞ ቁርኣን የቀሩ፣ ሌሎች የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት የገቡ ነበሩ። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ሊነጣጠሉ ያልቻሉትን ሁለት ነገሮች፣ ማንበብ መቻልንና ትምህርት ቤት መግባትን ለየብቻ ማየት ተቻለ። ፊደል ብቻውን ሰውን በጠቅላላው ወደ ረቂቅ አሳቢነት አልለወጠውም። የቫይ ፊደል የሚያውቁት ከዚያ ጋር በተያያዙ ሥራዎች፣ ቁርኣን የቀሩት በቃል በመያዝ በለጡ። ከመነሻ ቃል ተነሥቶ መደምደምን፣ በተለይም ለምን እንዲህ እንዳሉ በቃል ማስረዳትን ያሳደገው ትምህርት ቤት ነበር። እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ችሎታ ያበቅላል ማለት ነው፤ ያ ችሎታም በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ መስክ ብዙ ርቀት አይሄድም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይኖር ረቂቁን በዕቅድ ያሠለጠነ ሥርዓት ነበርና። ከዋሸራ እስከ ዋድላ ባሉ ቅኔ ቤቶች ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የተነገረ ቅኔ መድገም አይፈቀድለትምና በየዕለቱ አዲስ ይቆጥራል። ሰሙን ከሚታየው ዓለም ያነሣል፤ ወርቁን ከማይታየው። ሁለቱን በአንድ ቃል ላይ አስቀምጦ፣ ሰዋስዉን ሳይጥስ፣ መምህሩ ፊት ቆሞ ይዘርፋል፤ ከዚያም በመምህሩ ይታረማል። ይህ ለሰላ አእምሮ እንኳን ሳይቀር ከባድ ልምምድ ነው፤ ተማሪውም ዓመታት ይፈጅበታል።

ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ከዚህ የራቀ አይደለም። የ2018 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት እንዲወጡ 5500 በ2018 ላይ ይደመራል፤ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ። ወንበር የሚባለውን ቁጥር በሰማይ ላይ ያየው የለም፤ ቀን አይደለም፣ ዓመትም አይደለም፤ ዙሩን ለመያዝ አእምሮ የፈጠረው ነገር ነው። ይህንን ያለ ወረቀትና ያለ ብዕር በጣቶቹ የሚያወጣ መሪጌታ፣ የጎደለ ሥዕል የሚያስሞላው የሬቨን ፈተና ቢሰጠው ምን ያህል ያገኝ ነበር? ምናልባት ብዙ አይደለም፤ የሥዕል እንቆቅልሽ አልለመደምና። ዣን ፒያዤ ልጆች ከ11 እና ከ12 ዓመት ጀምሮ ወደ ረቂቅ አመክንዮ እንደሚደርሱ ያስተማረ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው ይህንን ደረጃ የሚያሳየው በየሙያው ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል።

ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ሌላው ምዕራፍ የተጻፈው እስራኤል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መግቢያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) በ36 ሰዓት ውስጥ ከኢትዮጵያ ተወስደው እስራኤል ሲገቡ፣ ልጆቹ በአውሮፓና በአሜሪካ በተሠሩ መመዘኛዎች መለካት ጀመሩ። ውጤታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ሩማንያ ተወልዶ ኢየሩሳሌም ይሠራ የነበረው ሬውቨን ፎየርስታይን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ከሞሮኮ የመጡ ልጆችን ሲመረምር አንድ ነገር ተገንዝቦ ነበር። ልጁ ዛሬ ያለ እርዳታ ምን እንደመለሰ የሚቆጥር ፈተና፣ ነገ ምን መማር እንደሚችል አይናገርም። ስለዚህ የእርሱ ምዘና ፈትኖ፣ አስተምሮ፣ መልሶ ይፈትናል፤ የሚለካውም በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ ነው።

ዴቪድ ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ያወጡት ጥናት ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የአንደኛ ክፍል ቤተ እስራኤል ልጆችን እዚያው ከተወለዱ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸረ። መጀመሪያ ሲፈተኑ ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ጥያቄው ምን እንደሚፈልግ በአጭር ትምህርት ከተገለጠላቸው በኋላ ልዩነቱ በእጅጉ ጠበበ። አእምሮ በጥቂት ሰዓት አይሠራም፤ ከጅምሩ የነበረ ነገር ነው የተገለጠው። ፎየርስታይን የራሱ ባህል ያልተላለፈለትን ልጅ፣ ሌላ ባህል በደንብ ከተላለፈለት ልጅ ለይቶ ያያል፤ የቤተ እስራኤል ልጆችን የሚመድበው ከሁለተኛዎቹ ነው። ነቀፌታም አለበት። የማስተማሪያ ዘዴው ያስገኘው ውጤት በተመሳሳይ ፈተናዎች ላይ ጎልቶ ሲታይ በትምህርት ቤት ውጤት ላይ እንደዚያ አልታየም የሚሉ አሉ፤ ከቫይ የተገኘውን ትምህርት ላስታወሰ ሰው ይህ አይደንቅም። ምዘናው ግን ትክክል ነበር ባይ ነኝ። ልጅን ከማስተማር በፊት ለቅጣት ያህል መፈተን እስከ ዛሬ በየአገሩ ያልቀረ ጥፋት ነው።

ፈተና አውጪዎቹ ራሳቸው የደረሱበት እንቆቅልሽም ወደዚሁ ያመራል። በ1938 የወጣው የሬቨን ማትሪክስ ቃል አይጠቀምም፤ ከሥዕሎች ረድፍ ውስጥ የጎደለውን መርጦ መሙላት ነው፤ ስለዚህም ከባህል የጸዳ ተብሎ ተወድሶ ነበር። ጀምስ ፍሊን በ1984 እና በ1987 ባወጣቸው ጽሑፎች ግን የፈተና ውጤት በየአሥር ዓመቱ ሦስት ነጥብ ያህል ሲጨምር መኖሩን፣ ጭማሪውም ከሁሉ በላይ በዚሁ በሬቨን ዓይነት ፈተና ላይ መሆኑን አሳየ። አያቶቻችን ደደቦች ነበሩ ወይስ ምን ሆነ? የፍሊን መልስ ቀላል ነው። ውሻና ጥንቸል በምን ይመሳሰላሉ ሲባል የድሮ ሰው ውሻ ጥንቸል ያድናል ይላል፤ የዛሬው ሁለቱም አጥቢ ናቸው ይላል። ዓለምን የመመደብ ልማድ ተስፋፋ ማለት ነው። በኖርዌይ ደግሞ ከ1975 ወዲህ በተወለዱ ወጣቶች ላይ ውጤቱ መውረድ እንደጀመረ፣ ልዩነቱም በአንድ ቤት ወንድማማቾች መካከል እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አመለከተ። በአንድ ቤት ውስጥ ከታየ ምክንያቱን ከዘር ሳይሆን ከኑሮ መፈለግ ይቀላል።

የተማረው ሰው በዚህ ሁሉ መካከል እንዳይታበይ ፒተር ዌሰን በ1966 አንድ ወጥመድ አዘጋጀ። ወደ እኛ ፊደል ልመልሰው። አራት ካርዶች አሉ፤ በአንድ ገጻቸው ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አላቸው። የሚታዩት ሀ፣ ለ፣ 4 እና 7 ናቸው። ደንቡ «ሀ ካለበት ጀርባ 4 አለ» ይላል። ደንቡ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የግድ መገልበጥ ያለባቸው የትኞቹ ናቸው? አብዛኛው ሰው ሀ እና 4 ይላል። ትክክሉ ሀ እና 7 ነው፤ ከ7 ጀርባ ሀ ከተገኘ ደንቡ ይፈርሳልና፤ 4 ግን ምንም አያፈርስም። ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳን በትክክል የሚመልሰው ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው። ያው ጥያቄ «ቢራ የሚጠጣ ሰው ዕድሜው ከ19 በላይ መሆን አለበት» በሚል ሲቀርብና ተፈታኙ ደንብ አስከባሪ ፖሊስ ሲሆን፣ በ1982 የፍሎሪዳ ተማሪዎች ሦስት አራተኛው ያህል በትክክል መለሱ። ከኡዝቤኩ ገበሬ የምንለየው ባሰብነው ልክ አይደለም።

እስካሁን ስለሚያቆመው አወራን። ስለሚጠፋበት መንገድ ብዙ ያስተማሩት የቆሰሉ ሰዎች ናቸው። ኩርት ጎልድስታይን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፍራንክፈርት ውስጥ በጭንቅላታቸው የተመቱ ወታደሮችን ያክም ነበር። ንግግራቸው ደህና፣ ኑሯቸውም ከሩቅ ሲታይ ደህና የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ውኃ ያለበት ብርጭቆ ሲሰጠው የሚጠጣ ሰው፣ በባዶው ብርጭቆ እንዴት እንደሚጠጣ አሳየኝ ሲባል ያቅተዋል። ዝናብ እየዘነበ «ፀሐይ ወጥታለች» በል ሲባል ቃሉን መድገም ይሳነዋል፤ እውነት አይደለማ። የተለያየ ቀይ ክር ሰጥተው ቀዩን ሁሉ ለይ ሲሉት፣ በዓይኑ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆነውን ብቻ ያጣምራል እንጂ ቀይ የሚባል መደብ አይታየውም። ጎልድስታይን የጠፋውን ነገር ረቂቅ አመለካከት ብሎ ጠራው፤ ካለው ነገር ተላቅቆ ሊኖር በሚችለው ላይ የመቆም ችሎታ። ይህን ከሉሪያ ገበሬዎች ጋር አንድ የሚያደርግ ሰው ይሳሳታል። ገበሬው ለምን እንደማይመልስ በምክንያት ያስረዳል፣ ጥያቄው ሲለወጥለትም መንገዱን ይለውጣል፤ የቆሰለው ወታደር መለወጥ አይችልም።

ይህ ያለመለወጥ ነገር በብሬንዳ ሚልነር ሥራ ጎልቶ ወጣ። በሞንትሪያል ለሚጥል በሽታ ሲባል ከፊት አንጎላቸው የተወሰነ ክፍል በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች ካርድ አስመደበቻቸው፤ ውጤቱ በ1963 ታተመ። ደንቡ መጀመሪያ በቀለም መመደብ ነው፤ ማንም ሳይናገር ወደ ቅርጽ፣ ከዚያም ወደ ብዛት ይለወጣል። ተፈታኙ የሚሰማው «ልክ ነህ» ወይም «ተሳስተሃል» የሚለውን ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ደንቡ ከተለወጠ በኋላም በቀለሙ ይቀጥላሉ። የሚገርመው፣ እየተሳሳቱ መሆናቸውን በአፋቸው እየተናገሩ እጃቸው ያንኑ ይደግማል። በተለመደው የማሰብ ችሎታ ፈተና ግን ደህና ነጥብ ሊያመጡ ይችላሉ።

በ1999 የእነ ኪት ሆሊዮክ ቡድን ነገሩን ወደ ሥሩ አወረደው። አበበ ከከበደ ይረዝማል፣ ከበደ ከታደሰ ይረዝማል፤ በዚህ ተራ ሲቀርብ የፊት አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎች ማን ረጅም እንደሆነ ይናገራሉ። ተራው ተዛብቶ ሲቀርብ፣ ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ይዞ ማስማማት ሲያስፈልግ ግን ፈጽመው ይወድቃሉ። የፊት አንጎል ሥራ እንደ ሽማግሌ ነው፤ የከሳሹን ቃል ሳይጥል የተከሳሹን ይሰማል፣ ሁለቱን ካላስተያየ አይፈርድም። ጤነኛ ሰው ከባድ እንቆቅልሽ ሲፈታ ይኸው የአንጎል ክፍል ከጎንና ከላይ ካሉት ጋር አብሮ እንደሚሠራ ከ2000 ወዲህ እነ ጆን ደንከን በአንጎል ምስል አሳይተዋል።

አሁን የሐኪሙን ተረትና ምሳሌ መመዘን እንችላለን። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ተረትን ቃል በቃል መተርጎም የስኪዞፍሬኒያ ምልክት ተደርጎ ተይዟል። ምልክቱ አለ፤ ግን ያዘናጋል። አንዳንዱ ታማሚ ቃል በቃል ከመሄድ ይልቅ በጣም ርቆ ወደማይያዝ ፍልስፍና ይገባል። ሌላው ችግር ለእኛ የቀረበ ነው። «ድር ቢያብር»ን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ትርጉሙን የሚመልሰው ከትዝታው ነው፤ ቢታመምም ሊመልስ ይችላል። ተረቱን ሰምቶ የማያውቅ፣ በሌላ ቋንቋ ያደገ ሰው ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ይወድቃል። ስለዚህ ጥያቄው የሚረባው ተረቱ ለታማሚው አዲስ ሲሆን፣ የትምህርቱና የቋንቋው ታሪክም አብሮ ሲታይ ብቻ ነው።

በዕድሜ የሚመጣው ለውጥ በራሱ በሽታ አይደለም። አዲስ እንቆቅልሽ የመፍታት ፍጥነት ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ዕውቀትና የቃላት ሀብት ግን እስከ ስድሳዎቹ ይጨምራል። የመርሳት በሽታ የተለየ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነው ያሉት። የፊት አንጎልን ቀድሞ የሚያጠቃው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ የሰውየው ትዝታ ደህና ሆኖ ሳለ ፍርዱና ጠባዩ ይበላሻሉ። ቤተሰብ ይህን «ጠባዩ ከፋ» ይለዋል፤ ጠበኛ፣ አባካኝ ወይም ይሉኝታ ቢስ ሆነ ይባልና ዓመታት ያልፋሉ።

ዴቪድ ስኖውደን በአሜሪካ 678 መነኮሳይያትን ሲከታተል ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያነጋግራል። መነኮሳይያቱ በአማካይ በ22 ዓመታቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው ነበር። በ1996 በወጣው ጽሑፍ መሠረት በአጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ ሐሳብ ያጨቁት በእርጅናቸው አእምሯቸው የተሻለ ነበር። ሞተው አንጎላቸው ከተመረመረው 14 መካከል አልዛይመር የተገኘባቸው በሙሉ በወጣትነታቸው ጽሑፋቸው ሐሳብ የሳሳባቸው ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የሚያነጋግረውም ትርጉሙ ነው። ጥልቅ ልምምድ አንጎሉን አጠነከረው ወይስ ሕመሙ ከ60 ዓመት በፊት ጥላውን ጥሎ ነበር? ከ2024ቱ የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ጋር ሲነበብ ግን ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሪፖርቱ ሊቀየሩ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊከለከል ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ገምቷል፤ የልጅነት ትምህርት ማነስ ከመካከላቸው አንዱ ነው።

ሰውነትም ድርሻውን ይጠይቃል። የአዮዲን እጥረት በእርግዝናና በጨቅላነት ጊዜ ከተከሰተ አንጎልን ይጎዳል፤ መከላከያው ደግሞ ጨው ላይ ጥቂት አዮዲን መጨመር ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2011 በደንብ ግዴታ አድርጋዋለች። በ2013 የወጣ ጥናት በታሚል ናዱ ያሉ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና በኋላ ፈትኖ፣ ያው ሰው እጁ ባጠረ ጊዜ በሬቨን ፈተና ዝቅ እንደሚል፣ ምርቱ ሲገባ ከፍ እንደሚል ዘግቧል። አሜሪካ ውስጥ ከደመወዝ በፊትና በኋላ ሰዎችን የፈተነ የ2016 ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። የኑሮ ጭንቀት አእምሮን ያጨናንቃል የሚለውን ለማመን ዝግጁ ነኝ፤ በየመድረኩ እንደሚነገረው የተረጋገጠ ነገር ግን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ለቤታችን የሚተርፈው አንድ ፍርድ ነው። ሰውን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ ትምህርቱ፣ ቋንቋው፣ ሥራው ይለያያልና። ከራሱ ጋር ማወዳደር ግን ያስተማምናል። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጡት መምህር ግድፈቱ ከተምታታባቸው፣ ዕቁብ ሰብሳቢዋ እትዬ የዕጣውን ተራ ማስላት ካቃታቸው፣ የሰፈሩ አስታራቂ የሁለት ሰው ቃል አንድ ላይ መያዝ ከተሳናቸው፣ ያ ለውጥ ከየትኛውም የወረቀት ፈተና ይልቅ ይናገራል። ለውጡ ሁልጊዜ የማይመለስ አይደለም። የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ የመድኃኒት ጉዳት፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል የተጠራቀመ ደም፤ እነዚህ ሁሉ ረቂቅ አስተሳሰብን ያደበዝዛሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አባትዎ ወይም እናትዎ ላይ ይህን ካዩ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት። ሐኪም ጋር ይውሰዷቸው፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የደም ምርመራውን ይጠይቁ፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ምን ይችሉ እንደነበር ደግሞ ሳይጠየቁ ይናገሩ።